ጋሼ መንገሻን ያስፈራው ፍጡር

የሚያስፈራውን ነገር ፈልጎ የሚሰማ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሼ መንገሻ እንደዚያ ናቸው። ሌሊት ሌሊት «ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ ነገር አየሁ» የሚል ሁሉ የሚደውልበትን የሬዲዮ ፕሮግራም እየሰሙ ይንቀጠቀጣሉ። መዝጋት አይችሉም ወይ? ይችላሉ። ግን ከዘጉት፣ ፍጡሮቹ ሲመጡ ማን ይነግራቸዋል?

ልጃቸው ስልካቸው ላይ የሬዲዮ አፕ ጭናላቸው ነበር፤ «ስልክ ይሰልላል» ብለው አስጠፉት። ግድግዳው ወፍራም በሆነው ፎቃችን ውስጥ ደግሞ ሬዲዮ አይስብም። ስለዚህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢው መሀል ይቆሙና ሬዲዮውን ወደ ሰማይ አንስተው ያዳምጣሉ።

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ እዚሁ ሰፈራችን ወርደዋል። ሌሊት አንዲት ሴትዮ ለሬዲዮው ደውላ ተናገረች። በመስኮቷ አይታዋለች። ረጅም ነው፣ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ፣ ፊት የሚባል የለውም። በእጁ ወደ ሰማይ ያነሳው ሣጥን ያወራል።»

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ ነው ያየችው» አልኳቸው።

የለበሱትን ጋቢ ቁልቁል አዩት። እፎይ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ገብተው መጋረጃዬን ዘጉ።

«ፖሊስ መጥቶ ይውሰድልኝ ብላለች እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ።