ያለ ፈቃድ የማይተከል ሽንኩርት

«ወላሂ አስካለ፣ እኔ አልገባኝም! ችግኙ የአንቺ፣ መሬቱ የአንቺ፣ የምን ፈቃድ ነው?»

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ አይገባዎትም። አባታችን ሳይባርኩት አልተክልም አልኩ፣ አልተክልም!»

«እሺ፣ ውሃውስ ይጠብቅሻል? ተራሽ ነገ ነው!»

እማዬና ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ቦዩ ዳር ቆመው ሲጨቃጨቁ እኔ የሽንኩርቱን ችግኝ አያለሁ። ከደረሰ ሰንብቷል። የዓመት ልብሳችንም የእኔ ደብተርም ያለው እዚያች መደብ ላይ ነው።

መቼም እናንተ ሸዋ ሮቢትን የምታውቋት በሙቀቷና በማንጎዋ ይሆናል። የእኛን ጉባኤ ግን አታውቁም። እኛ ዘንድ መሪያችን እጁን ጭኖ «ተፈቅዷል» ካላለ ልጅ አይታጭም፣ ፍየል አይሸጥም፣ አጣዬ ድረስ እንኳ አይኬድም። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ሃምሳ የደፈነችውን እናቴን «ልጄ» ይላታል፤ እሷ «አባታችን» ትለዋለች። (አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ታዘቡኝ።) መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ያን ሰሞን መሪያችን አዲስ አበባ ነበር። ስንደውል ጸሐፊው «ጾም ይዘዋል» ይለናል። የውሃ ተራችን መጣ፣ አለፈ። ችግኙ ግን ጾም አልያዘም፤ መደቡ ላይ እንዳለ ሥሩ ማበጥ ጀመረ። ይህንኑ ለጸሎት ቡድናችን አስተባባሪ ነገርኳት። እኛ ዘንድ ለአስተባባሪ የነገሩት ነገር ሳይመሽ መሪው ጆሮ እንደሚደርስ እያወቅሁ!

እሑድ ተመለሰ። ጋሽ ሰይድ የዚያን ዕለት ተራቸውን ሊሰጡን ቃል ገብተው ነበር። ግማሹን ችግኝ እንኳ ለማትረፍ የቀረችን ቀን ያቺው ነበረች። እማዬ ጸሎት አዳራሹ ውስጥ ለመባረክ ወደ ፊት ወጥታ አንገቷን ደፋች። እሱ እጁን ከጭንቅላቷ በላይ አንስቶ አቆመው።

«ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ የሚያጉረመርም አለ። ችግኝሽን ያበላሸው እሱ ነው። ልጅሽ እዚህ ተንበርክካ ይቅርታ ካልጠየቀች አልፈቅድም።»

እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ለማለት የሚያልበኝ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ቆምኩ።

«ችግኙን ያበላሸው ቀኑ ማለፉ ነው። አልንበረከክም።»

«አንበርክኪያት!» አላት እማዬን።

እማዬ እኔን አየችኝ። ቀጥላ ቀና ብላ እሱን አየችው፤ ዕድሜውን ያየችው ያኔ ይመስለኛል። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደ ሥራ ቀን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ እጁን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ትታው፣ በአግዳሚዎቹ መሃል አልፋ ወደ ቦዩ በሚወስደው መንገድ ሄደች።