የጋሻው ጀርባና የጦጢት ገበጣ

ተረት ተረት ስል የላም በረት በሉኝ፤ ላሟን ግን በረቱ ውስጥ አትፈልጓት፣ ሰማይ ወጥታለች። እንዴት እንደወጣች ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ በአንድ ጫካ አራዊት ሁሉ መሬት ጭረው፣ ከወንዝ ጠጠር ለቅመው፣ ገበጣ በነፃ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን እመት ጦጢት ግንድ ላይ ጉድጓዶች ፈለፈለችና ዋርካ ሥር በኮባ ቅጠል ሸፍና አስቀመጠችው። በየቀኑ የቅጠሉን ጫፍ ገለጥ ታደርግና ቶሎ ትመልሰዋለች። በቀቀንም የበሰለ ሾላ እየተቆረጠለት «ይህን ያልተጫወተ አልኖረም!» እያለ ሲለፍፍ ይውላል። ዋጋው ከየገላው ነው፦ ሰጎን ላባዋን፣ ጃርት እሾሁን።

ነገሩ ጋሻው የሚባለውን ጃርት እንቅልፍ ነሳው። ጋሻው ጅብ እንኳ መንገድ የሚለቅለት ጃርት ነበር፤ የሚለቅለት ግን ለጀርባው እንጂ ለሱ አልነበረም። ይህን ሚስቱ ትጓደድ ታውቃለች፣ እሱ ረስቶታል። ከእሾሁ ነቅሎ ከፈለና ግንዱን ተሸከመ።

«ጠጠሩስ?» አለ።

«ጠጠሩ ለብቻው ይሸጣል፣ ጌታዬ።»

«ወንዙ ዳር ሞልቶ የለም እንዴ?»

«እሱ ለድሮው ገበጣ ነው። ከዚህኛው ጋር አይስማማም።»

ጋሻው ኋላ ቀር መባልን ከጅብ አብልጦ ይፈራል። ጎንበስ ብሎ እንደገና ተነቀለ።

ክረምቱ ሳይወጣ ገበጣ ሁለት መጣ። ያው ግንድ ነው፣ ቀይ አፈር ተቀብቷል። ከዚያ ገበጣ ሦስት መጣ። እሱ ደግሞ ቀዩ አፈር ታጥቦለታል፤ በቀቀን «ወደ ጥንት ክብሩ የተመለሰ!» ሲል አወጀ። ኤሊ ለሁለተኛው ሰልፍ ከቤቷ ወጥታ ለሦስተኛው ደረሰች፣ አልከፋትም። ጋሻው ሁለቱንም ገዛ።

ለአራተኛው ግን ጦጢት «ቀድሞ የከፈለ ቀድሞ ይጫወታል» አለች። ጋሻው የቀረችውን እሾህ ይዞ ሊወጣ ሲል ትጓደድ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ዛፉ እኮ ገና አልተቆረጠም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።»

«ቀድሞ ለከፈለ ባለቀለም ጠጠር ይመረቅለታል» አለና ሄደ። ላሟ ሰማይ የወጣችው ያን ቀን ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጋሻው መላጣ ጀርባውን ይዞ ሲመለስ አያ ጅቦ መንገድ ላይ አገኘው። ጋሻው እንደ ልማዱ ዞረና ጀርባውን ነፋ። ምንም አልቆመም። ጅቦ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«የማን ልጅ ነህ? አይጥ ይህን ያህል ስትወፍር አይቼ አላውቅም» አለ ምራቁን እየዋጠ።

ጋሻው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ጦጢት ቤት ሮጠ። ቤቱ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። እሾሁ ሁሉ የራሱ ነበር።

«እመት ጦጢት፣ ይክፈቱልኝ!»

«በሩ ለብቻው ይሸጣል፣ ጌታዬ» አለች ከውስጥ። «ምን ይዘው መጡ?»

ምንም አልያዘም። ሊዘል ሲሞክር የገዛ እሾሁ አፍንጫውን ወጋው። እየጮኸ ወደ ቤቱ በረረ፣ ጅቦ ተከተለው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትጓደድ ባሏን ወደ ውስጥ ገፈተረችና ዞራ ጀርባዋን በሩ ላይ ደቀነች። አያ ጅቦ አፍንጫውን ይዞ እያለቀሰ ተመለሰ።

ሲነጋ በቀቀን ከዋርካው ላይ «ገበጣ አምስት! ገበጣ አምስት!» አለ። ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ጋሻው ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ የሚስቱን ጀርባ ተመለከተ።

«አትየኝ» አለች ትጓደድ ሳትዞር። «የኔ ጀርባ ክፍል ሁለት የለውም።»