የጥጥ ተራራው ተጓዥ

ከግቢያችን በር ሳይወጣ ዓለምን የዞረ ሰው ቢኖር የእኔ ታላቅ ወንድም ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንተ ስለማይባል፣ ከአሁን ወዲያ እርሳቸው እላለሁ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አባዬ ፍራሽ ቤት ጥጥ የማባዝት ታናሽ እህታቸው ነኝና ለትልቅ ሰው ክብር መስጠት ያምርብኛል።

እርሳቸው ጦማሪ ናቸው። ጦማሪ ማለት ያነበበውን፣ የዋለበትንና የሄደበትን በስልኩ እየጻፈ ለሕዝብ የሚያበስር ሰው ነው። ያነበቡትን የመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ይመሰክራል፤ ከእሱ አልፈው ገብተው አያውቁም። የዋሉበትን ፍራሻቸው ያውቀዋል። የቀረው መጓዝ ነበር። እሱ ላይ አንዲት ትንሽ እንቅፋት አለች፤ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ያስመልሳቸዋል።

ለቆራጥ ሰው ግን ምን ይሳነዋል? ጓሯችን ውስጥ የአባዬ ጥጥ ተከምሯል። እርሳቸው ካፖርት ደርበው እስከ ጉልበታቸው ገቡበት፣ እኔ ስልኩን ደገንኩ። “በበረዶው አናት ላይ ቆሜ የሰው ልጅን ትንሽነት አሰብኩ” ብለው ጻፉ። አባዬ በበኩሉ፣ ያ የሰው ልጅ ለደንበኛ ከተዘጋጀ ጥጥ ላይ እንዲወርድለት አሳሰበ። ለባሕሩ ጉዞ ደግሞ እኔና እማዬ ሰማያዊ ሸራ ጫፍና ጫፍ ይዘን አራገብን።

“እማዬ፣ ማዕበሉ በዛ” አሉ መርከበኛው።

“ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ደግሞ ማዕበል ላማርጥልህ?”

ይህ ሁሉ መከራ ለአንዲት አንባቢ ነበር። ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፋርማሲስት እያንዳንዷን ጽሑፍ ታነባለች። ከሥሩ አንድ ነገር ጣል ካላደረገች ወንድሜ ምግብ አይወርድላቸውም። በረዶ ላይ ናቸው ተብሎ በታወጀ ጊዜ ደጅ መታየት ስለማይችሉ፣ ቤት ተዘግተው ራሳቸውን ቢያማቸው መድኃኒቱን ለአባዬ ነው ብዬ የገዛሁት ከእርሷው ነው። እንዴት ሰነበተ ብላ ጠየቀችኝ። ብርዱ ራሱን አሳመመው አልኳት።

ከዚያ መልእክቷ መጣ። ሲመለሱ መናኸሪያ ቆማ እንደምትጠብቃቸው፣ የምትነግራቸውም ነገር እንዳለ ጽፋ ነበር። ወንድሜ ከደስታቸው ብዛት መጽሐፍ ሊከፍቱ ምንም አልቀራቸውም። ችግሩ፣ ለመመለስ መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል። አባዬ በአዲስ ፍራሽ ጠቅልሎ በጋሪ ከከተማው አወጣቸው፤ ከሚቀጥለው መቆሚያ ተሳፍረው ወደ ገዛ ሰፈራቸው ጉዞ ጀመሩ። በሕይወታቸው የተጓዙት ብቸኛው መንገድ ይኸው ነው፤ አልጻፉበትም።

እኔ ለታሪክ ፎቶ ለማንሳት ቀድሜ ደርሻለሁ። ወረዱ። ፊታቸው ያልበሰለ ሎሚ መስሏል፤ ያስመለሱባትን ፌስታል ከኋላቸው ሸሽገዋል።

“ተራራው ጎድቶሃል” አለች ፋርማሲስቷ።

“ከፍታው ነው።”

ሻንጣዋን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ሥራዋን ለቃለች። እርሳቸውን ስታነብ ከመድኃኒት መደርደሪያ ጋር ማርጀት አስጠልቷት፣ ያንኑ ተራራ ልታይ ተነስታለች።

“እና... አብረን ብንሄድ ብዬ ነበር” አለች፤ ጆሮዋ ቀላ።

ወንድሜ አዩአት። አውቶቡሱንም አዩት። ሞተሩ ጭሱን ተፋባቸው። አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ።

“እኔማ ተራራ ጠግቤያለሁ” አሉ።

“ይጠገባል እንዴ?”

“ብዙ ያየ ሰው... ይጠግባል።”

ረዳቱ የሚቀር አለ ወይ እያለ በሩን ደበደበ። ትንሽ ጠበቀቻቸው፤ ከዚያ እርሳቸው በወረዱበት ደረጃ ወጣች። አውቶቡሱ ከዓይን እስኪጠፋ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ፌስታሏም አብራ ተውለበለበች።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶዋ ከወንድሜ ጽሑፍ ሥር መጣ። እውነተኛ ተራራ፣ እውነተኛ በረዶ፣ በብርድ የቀላ አፍንጫ። የወንድሜ አንባቢዎች ግን በዋዛ የሚታለሉ አይደሉም። በረዶ ምን እንደሚመስል ከታላቁ ተጓዥ ተምረዋል፤ ይሄኛው ግራጫ ነው፣ ጭቃ አለበት፣ እንደ እርሳቸው በረዶ አልተባዘተም። ክርክሩ ሲጦፍ ፍርዱን ለባለሙያ ተዉት።

ወንድሜ ፍራሻቸው ላይ ተጋድመው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከጎኗ አንድ ካፖርት የለበሰ ወጣት ቆሞ ይስቃል።

እውነት ነው ብለህ ጻፍላት፣ ደስ ይላታል አልኳቸው። አልሰሙኝም። እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ “ጥጥ ነው። እኔ ጥጥ አይቼ አልሳሳትም።”

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጦማሪ ከሆኑ ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር ሲጽፉ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ እኔም ኮርቼ ጮክ ብዬ ለአባዬ አነበብኩለት። አባዬ መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰክቶ ቀና አለ።

“ጥጥ ካወቀማ” አለኝ፣ “ጥሪልኝ፤ መጥቶ ያባዝት።”