ረግረግ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ መሆን ድሮ ሥራ አልነበረም። ሰው ዝም ብሎ ያረጃል፣ ፀጉሩ ይነጣል፣ ሰፈሩ ያከብረዋል፣ አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ «እባክዎ ይቁሙልን» ይለዋል፤ አለቀ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን ሽማግሌ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሲፈልጉት አይገኝም፣ ሲገኝም ቀጠሮው ሞልቷል። ማርጀቱንስ ሁላችንም አርጅተናል። ነገር ግን አንዱ ጉልበቱን ታሟል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ራሱ ሽማግሌ ይፈልጋል። እኔ ሙሉነሽ፣ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጡረታ የወጣሁ ሴት፣ ሽማግሌ ሆኜ ውቅያኖስ የተሻገርኩት በዚሁ እጥረት ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ሜራን፣ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ላይ፣ ናሆም የሚባል ልጅ ይኖራል። እዚያው ሰፈራችን አጠገብ ባለው ትልቅ የምርምር ተቋም ቴክኒሻን ነው። አብራው የምትሠራ ክሌር የምትባል አሜሪካዊት ወደደ፣ ወደደችው። የሉዊዚያና ልጅ ናት፤ እናቷ ሞተዋል፣ ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው፣ አባቷም ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት። ሁለቱ ኮሚዩን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት፣ ሄደው ፈርመው ቢወጡ የሚከለክላቸው አልነበረም። የከለከለችው አዲስ አበባ ያለችው የናሆም እናት ናት። «የሰው ልጅ ሳይጠየቅ አይወሰድም፤ ሽማግሌ ካልተላከ ከእኔ ምርቃት አትጠብቁ» አለች። ናሆም እናቱን ስለሚያውቃት አልተከራከረም፤ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣ።

ከዙሪክ በኩል ሁለት ተገኙ። አንዱ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ አፎልተርን ይኖራሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ሲጠግኑ ኖረው፣ ዛሬም ጡረታ ላይ ሆነው ደቂቃ የሚያልፍባቸው ሰው አይደሉም። ሌላው የዲቲኮኑ ጋሽ መኮንን ናቸው፤ መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ምርቃታቸው ረጅም። ሦስተኛ እኔ ተጨመርኩ። ጋሽ መኮንን «ሴት ሽማግሌ አይተን አናውቅም» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። የልጅቱ አባት የሚናገሩት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መሆኑን ነግሬ «ታዲያ በጀርመንኛ ሊለምኑ ነው?» አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁና እንለፈው። እኔም ልጅ አለችኝ። ቤቲ ትባላለች፤ እዚያው አፎልተርን፣ ከጋሽ ወርቁ ሁለት ሕንፃ አልፋ፣ ማርቲን ከሚባል ስዊሳዊ ጋር ትኖራለች። አብረው ቤት መያዛቸውን የሰማሁት በስልክ በተላከልኝ ፎቶ ነው፤ አዲስ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ጋሽ ወርቁ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስንት ጊዜ እንዳገኟቸው እግዚአብሔር ይወቅ፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ሶፋው ጥሩ ሶፋ ነው። እንለፈው።

የክሌር አባት ስማቸው ሮላን ነው፤ እኔ በድሮው የአዲስ አበባ አጠራር ሙሴ ሮላን እላቸዋለሁ። ካጁን ከሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሰሜን፣ ዛሬ ካናዳ ከሚባለው አገር፣ በእንግሊዞች ከመሬታቸው ተነቅለው የተባረሩ ናቸው። ተንከራተው ተንከራተው ሌላው የማይመኘው ረግረግ ዳር ሰፈሩና ዓሣውንም፣ ጀልባውንም፣ ቫዮሊኑንም የራሳቸው አድርገው ኖሩ። ዛሬ መንግሥት ረግረጉንም የሰዎቹንም ታሪክ አንድ ላይ ጠቅልሎ ታሪካዊ ፓርክ አድርጎታል። ሙሴ ሮላን እዚያ በፈቃደኝነት እንግዳ ያስጎበኛሉ። ክሌር «ፓርኩ ጋ ይጠብቋችኋል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» ብላ ላከችን።

ፓርኩ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቦታው አንድ አይደለም። አንዱ ከተማ መሀል ነው፣ አንዱ ረግረግ ውስጥ፣ ሌሎቹ ደግሞ በመኪና ሰዓታት የሚያስኬዱ ትንንሽ ከተሞች ላይ ተበትነዋል። ይህን ማንም አልነገረንም። ሉዊዚያና እንደደረስን ጋሽ ወርቁ የፓርኩን ስም ስልካቸው ላይ ጻፉ፤ ስልኩም ደግ ሆነና ቅርቡን መረጠልን። ከሰዓቱ ቀደም ብለን፣ ሦስታችንም ጋቢያችንን ለብሰን፣ አሮጌው ከተማ መሀል አንድ በር ላይ ተሰለፍን። እኔ ነጠላ ይበቃኛል ብል ጋሽ መኮንን «ሽማግሌ ከሆንሽ ሁኚ» ብለው ጋቢ አልብሰውኛል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ መዝፈን የምንጀምረው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሙሴ ሮላን ስልክ ደውለው ረግረጉ ጋ እየጠበቁን መሆኑን ሲነግሩኝ፣ ጋሽ ወርቁን ባያችኋቸው አንጀታችሁን ይበሉት ነበር። «ተርሚን አሳለፍን» አሉ፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው፤ በተከራየነው መኪና ውስጥም ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። ለዙሪክ ሰው ይህ ሀዘን ነው። የጄኔቭ ሰው ብሆን ኖሮ ብለው ተመኝተው ይሆናል፤ እኛ ራንዴቩ ትንሽ ቢያልፈን እንቅልፍ አናጣም።

ረግረጉ ጋ ደረስን። ከውሃው ውስጥ ትልልቅ ዛፎች በቅለዋል፤ ከቅርንጫፎቻቸው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። በውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ይዞን ወደ ውስጥ ገባ። ሙቀቱ ልብስ አስወልቆ የሚያስሮጥ ነው፤ እኛ ደግሞ በጋቢ ላይ ትንኝ ደርበናል። ሙሴ ሮላን መረማመጃው ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሰው። ከፊታቸው ሦስት ታጣፊ ወንበር ዘርግተዋል።

«ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን፤ እኔ ተረጎምኩ። ሙሴ ሮላን ይህን ሲጠብቁ እንደነበረ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁና እሳቸውም አልተቀመጡም። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከሩቅ አገር እንደመጣን፣ ልጃችን ጨዋና ሠራተኛ እንደሆነ፣ ልጅዎን ለልጃችን ሰጥተው ዘመድ እንዲያደርጉን እንደምንለምን ተናገሩ። ንግግሩ መሀል ከመረማመጃው ሥር አንድ አዞ ብቅ አለ። የጋሽ መኮንን ድምፅ ትንሽ ቀጠነ፤ እግራቸው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ሽማግሌ አይሮጥማ። እኔ በበኩሌ በዚያች ሰዓት ሽማግሌነቴን ለሌላ ብሰጥ ደስ ባለኝ ነበር።

ሙሴ ሮላን እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አዙረው አዙረው እንዲህ አሉ፦ «አመሰግናለሁ። እንግዲህ ነገሩን ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ።»

መጀመሪያ ፈረንሳይኛዬ የጠፋኝ መስሎኝ ነበር። የሳቸው ፈረንሳይኛ ከአያት የተወረሰ ነውና ከጄኔቩ ይለያል። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ ደግመው ነገሩኝ። ለካ ክሌር የሥርዓቱን ነገር ናሆምን አንድ በአንድ ጠይቃ ለአባቷ አስተምራቸዋለች፦ ሽማግሌ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ፣ የልጅቱ ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል፣ «ከቤተሰብ ልምከር» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶ እንደሚመልስ። እኚህ ሰው ሥርዓታችንን ከእኛ በላይ አጥብቀው ያዙት። እኛ በማግስቱ ማታ በረራ አለን።

ሦስታችን ወደ ጎን ዞር ብለን ተማከርን። ጋሽ መኮንን «ይህ እኮ እንዲያው ለወጉ ነው፣ እዚህ አይሠራም በያቸው» አሉኝ። «እኛስ ወንበሩን እምቢ ብለን የቆምነው ለወጉ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ወንበሩን እምቢ ካሉ በኋላ ወጉ ይቅር ማለት እንዴት ይቻላል? ናሆም ጄኔቭ ሆኖ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል፤ እናቱም አዲስ አበባ እንደዚያው። ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው።

ያዳኑን ጋሽ ወርቁ ናቸው። በር ላይ የሰጡንን የፓርኩን ካርታ ከጋቢያቸው ሥር አወጡና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አሉ። «እትዬ ሙሉነሽ፣ ጠይቂልኝ። ይህ ፓርክ በብዙ ቦታ ቢሆንም አንድ ፓርክ ነው?»

«አንድ ነው» አሉ ሙሴ ሮላን።

«እንግዲያው ዛሬ ወደዚህኛው መጥተናል። ነገ ጠዋት ወደ ሌላኛው ብንመጣ፣ ሄደን ተመለስን ማለት ነው?»

ሙሴ ሮላን ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሳቁ። «በአያቴ ቤት ይህ ማጭበርበር ይባል ነበር» አሉ። «ግን ኑ።»

በማግስቱ በማለዳ ተነስተን የተባልንበት ትንሽ ከተማ ደረስን። ጋሽ ወርቁ ቦታውን ሦስት ሰው አስጠይቀውኝ ነው የገቡት። ይሄኛው ቤት የካጁኖቹ ዕቃ የተቀመጠበት ነው፤ ጀልባቸው፣ መረባቸው፣ የሕፃን አልጋቸው፣ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሸምነው ብርድ ልብስ። ሁሉም መስታወት ውስጥ ነው። ሙሴ ሮላን ብርድ ልብሱ ፊት ቆመው አገኘናቸው። እንደገና አልተቀመጥንም፤ ጋሽ መኮንን እንደገና ተናገሩ፣ ይህን ጊዜ ያለ አዞ።

«በእኛም ዘንድ ሰው ሄዶ አባትን ይጠይቅ ነበር» አሉ ሙሴ ሮላን፤ ጣታቸውን ወደ አንድ ጽሑፍ ቀስረው። «አሁን እዚህ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል። የእናንተው ግን ገና በእግሩ ይሄዳል፤ በአውሮፕላንም ይሄዳል። እኔ ላበላሸው አልፈለግኩም።» ወደ ብርድ ልብሱ ተመልሰው ጨመሩ፦ «ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ልጄ ሩቅ ናት፤ አሁን ደግሞ እዚያው ልትቀር ነው። እሺ እንደምል ትናንትም አውቄዋለሁ። ግን አንድ ሌሊት ፈልጌ ነበር። ሥርዓታችሁ አንድ ሌሊት ሰጠኝ።»

ከዚያ «ሰጥቻለሁ» አሉ። ጋሽ መኮንን መረቁ፤ ምርቃቱ ረዘመ፤ የቤቱ ጠባቂም ሳይገባው አብሮ አሜን አለ። ከዚህ ወዲያ ተቀመጥን።

እኔ ግን ያቺ አንድ ሌሊት ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ይህን ያህል ዘመን ስሰማው ሽማግሌን ማመላለስ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ለካ ለወላጅ የተተወ ጊዜ ኖሯል፤ ልጁን በልቡ ሸኝቶ እስኪጨርስ። ለእኔ ማንም ሌሊት አልሰጠኝም። ሶፋው ነው የደረሰኝ። ቀናሁባቸው፣ አልዋሻችሁም።

ሙሴ ሮላን ይህን ፊቴ ላይ አይተው ይሁን እንጃ፣ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ ሴት ልጅ አለዎት?»

«አለችኝ፤ ዙሪክ።»

«ሽማግሌ ሲመጣብዎ ስንት ጊዜ መለሱት?»

ጋሽ ወርቁና ጋሽ መኮንን ፈረንሳይኛ አያውቁም። ሌላው የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ባሕር ማዶ ነው። ያ ብርድ ልብስ ከመስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

«ሦስት ጊዜ» አልኩ።

ሙሴ ሮላን በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። «እኔ ቸኮልኩ ማለት ነው» አሉ። ጋሽ ወርቁ «ምን አሉሽ?» ሲሉኝ «ስለ ሥርዓቱ ጠየቁኝ» አልኳቸው፤ ይህ ውሸት አይደለም።

አሁን ሜራን ቤቴ ነኝ። ናሆም ደስታው ቤት አይበቃውም፣ እናቱም መርቃለች። ሰርጉ መስከረም ላይ እዚሁ ጄኔቭ ነው፤ ሙሴ ሮላን ይመጣሉ። ቤቲና ማርቲንም ተጠርተዋል። ሙሴ ሮላን ደግሞ የሰሙትን የሚረሱ ሰው አይደሉም፤ ማርቲንን እንዳገኙት የሚጠይቁት ያንኑ ሦስት ጊዜ የተመለሰበትን ታሪክ ነው።

ስለዚህ ቤቲ ጋ ደወልኩ። ማርቲን እስከ መስከረም ድረስ ሽማግሌ ይዞ ሦስት ጊዜ መምጣት እንዳለበት፣ ወንበር ቢቀርብለትም እንዳይቀመጥ ነገርኳት። «እማ፣ ይሄ ግን ትንሽ ኮሚሽ ነው» አለችኝ፤ ግራ ያጋባል ማለቷ ነው። ማርቲን ከበስተኋላዋ ይሰማል። ሽማግሌ ከየት እንደሚያገኝ አስጠየቀኝ፤ ሁለት ሕንፃ አልፎ አንድ እንዳለ ነገርኩት። ጋሽ ወርቁ በዚያው ምሽት ደውለው «አንድ ጨዋ ልጅ ተርሚን ይዞ መጥቶ አነጋግሮኛል» አሉኝ፤ ማን እንደሆነ ፈጽሞ የማያውቁት መስለው።

ማርቲንም ስዊስ ነውና፣ ሦስቱንም ቀጠሮ ባንድ ጊዜ እንድሰጠው ለመነኝ፤ የባቡር ትኬቱን ከወዲሁ ይቆርጣል። ሦስቱንም ቀን ሰጠሁት። መልሱ እሺ መሆኑን እሱም፣ እኔም፣ ጋሽ ወርቁም እናውቃለን። ቢሆንም ከሦስተኛው ቀን በፊት አልናገርም፤ እኔም ሌሊቴን እፈልጋለሁ።