«ቆልፈሃት ነበር ወይ?»

ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው መጀመሪያ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ? «ማን ሰረቀህ?» እንዳይመስላችሁ። «ቆልፈሃት ነበር ወይ?» ነው የሚባለው። ረጋ ብሎ፣ ራስን ነቅነቅ አድርጎ፣ ልክ ሌባው እኔ እንደሆንኩ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው የሞተበትን «ጋቢ ደርቦ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ?

አዎ፣ ቆልፌያት ነበር። እንዲያውም እኔን ያህል ብስክሌት የቆለፈ ሰው አቃቂ ላይ አልተፈጠረም። ስሙኝማ።

ጊዜው ባቡሩ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ጅቡቲ እየደረሰ የሚመለስበት ነው። ቤቴ ቃሊቲ፣ ሥራዬ አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። የፈረቃ ሥራ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አምስት ደቂቃ ያረፈደ በር ይዘጋበታል። ሦስት ጊዜ የተዘጋበት በዚያው ይቀራል። እኔ ሁለት ጊዜ ተዘግቶብኛል። ባለቤቴ ጽጌ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ስለዚህ ያለንን አሟጠን አንዲት ያገለገለች ጥቁር ብስክሌት ገዛን። የቀድሞ ባለቤቷ ከኮርቻዋ ሥር በምስማር መስቀል ጭሮባታል። እኔም በልቤ «ከሌባ ይጠብቃታል» አልኩ። የዋህ ነበርኩ።

አንድ እሑድ የሥራ ባልደረባችን እናት አርፈው ቀብር ሄድኩ። የፊት ጎማዋን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብረት ጋር በሰንሰለት አስሬ፣ ጓጉንቸሩን ቀርቅሬ ገባሁ። ፍትሐቱ አልቆ፣ አፈር ተመልሶ፣ ነፍስ ይማር ብለን ስንወጣ ሰንሰለቱ አለ። ጓጉንቸሩም አለ። የፊት ጎማዋም እንደታሰረች አለች። ብስክሌቷ የለችም።

እስቲ አስቡት። እኛ አልቅሰን ሳናበቃ አንዱ አጥር ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል። መፍቻ በኪሱ ይዞ ለቅሶ የመጣ ሰው መሆኑ ነው። ምናልባትም አጠገቤ ቆሞ ነፍስ ይማር ብሏል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይሏል ይኸው ነው።

የባሰው ግን ሰዉ ነው። ሐዘንተኛውን ትቶ እኔን ከበበኝ። አንዱ «ጎማ ብቻ ይታሰራል ወይ?» አለኝ። ሌላው እሱ ቢሆን አካሏን እንደሚያስር ነገረኝ። አንዲት እናት ደግሞ መጀመሪያስ ለቀብር በእግር አይመጣም ወይ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ሰው ሌባውን «እጁ ይሰበር» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም። ጎማዬን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ለሕፃኑ ጨርቅ ልንገዛ ከጽጌ ጋር መርካቶ ወጣን። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ስንደርስ አንዲት ጥቁር ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የፊት ጎማ የላትም። ጎንበስ ብዬ ከኮርቻዋ ሥር አየሁ። መስቀሉ አለ።

ይቺ የኔ ናት አልኩት ሻጩን። ደረሰኝ ጠየቀኝ። ከሰው እጅ የገዛሁት ዕቃ ምን ደረሰኝ አለው? እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሰው ዞር ዞር እያለ ያየኝ ጀመር። ትንሽ ብቆይ ሌባው እኔ ልሆን ነው። ያኔ ጽጌ ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ግዛትና እንሂድ። መውለጃዬ ሳይደርስ ሥራህን እንዳታጣብኝ።»

ገዛኋት። የገዛ ብስክሌቴን! የሕፃኑ ጨርቅ ቀርቶ። ሻጩ ጎማ ስለሌላት ቅናሽ አደረግኩልህ ብሎ ምስጋናም ጠብቋል። ሲሸኘን ምን ብሎ ቢመክረኝ ጥሩ ነው? ዘንድሮ ሌባ በዝቷልና በደንብ ቆልፋት አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እልህ ያዘኝ። ከአቃቂ ገበያ ወፍራም ሰንሰለትና አዲስ ጓጉንቸር ገዛሁ። ግን ከምን ጋር ልሰራት? የፋብሪካው ግቢ የአለቆች መኪና እንጂ የሠራተኛ ብስክሌት አያስገባም። የእንጨት ምሰሶ ይነቀላል። ዛፍ ይቆረጣል። የብረት አጥሩን አይተነዋል።

ፋብሪካው አጠገብ ባቡር ጣቢያው አለ። ከዳር ባለው ሐዲድ ላይ አንድ አሮጌ የጭነት ፉርጎ ቆሟል። ስንት ክረምት እንደቆመ እንጃ፤ ሥሩ ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበታል። ጫፉ ላይ የብረት መከታ ያላት ጠባብ በረንዳ አለችው። ብስክሌቴን ተሸክሜ እዚያ አወጣኋት። አካሏንም፣ ሁለቱንም ጎማዎቿንም ከመከታው ጋር ጠፍሬ ቆለፍኩ። እንግዲህ ሌባ ወንድ ከሆነ ባቡር ይስረቅ!

ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አገኘሁ። አንድ ሐሙስ ከፈረቃ ስወጣ ሐዲዱ ባዶ ነው። ሣሩ ተጨፍልቆ ተኝቷል። ፍየሏ እንዳለች አለች። ፉርጎው የለም።

እየሮጥኩ ወደ ጣቢያው ሹም ሄድኩ። አቶ ለማ ይባላሉ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጭነት በዝቶ ፉርጎ ስላጠረ ያንን አሮጌ አስጠግነው ከባቡሩ ጋር መቀጠላቸውን፣ አሁን ወደ ድሬዳዋ እየሄደ መሆኑን ነገሩኝ። ብስክሌቴ በረንዳው ላይ እንዳለች ነገርኳቸው።

«ቆልፈሃት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አብራ ትሄዳለች።»

ስንቱን ልቻለው? ድልድዩ ላይ ስደርስ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ አቃቂ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። ለጽጌ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሲበቃት ግን አለቀሰች። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ በሩ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ በእግሬ መሮጥ ሆነ ሥራዬ።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ለማ ላኩብኝ። ጎረቤቴን ፈለቀን አስከትዬ ሄድኩ። ፉርጎው ተመልሷል፤ ብስክሌቴም በረንዳው ላይ ቆማለች። ድሬዳዋ ደርሳ መጥታለች! እኔ ባለቤቷ ከሞጆ አልፌ አላውቅም። አቧራ ጠጥታለች እንጂ ምንም አልሆነችም። ያልታሰረው ደወሏ ብቻ ተፈትቶ ተወስዷል።

አቶ ለማ ባቡሩ ሊነሳ ነውና ቶሎ ፍታት አሉኝ። ቁልፉ ወንዝ ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው እንደ ሕመምተኛ አዩኝ። የብረት መጋዝ መጣ፤ ሰንሰለቱን ጫር ጫር አድርጎ ጥርሱ ረገፈ። ባቡሩ ጮኸ። አቶ ለማ ሲጨንቃቸው የጣቢያውን መጋዘን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና ጓጉንቸሬ ውስጥ ሰደዱት። ገባ። ዞረ። ቀጭ አለ፤ ተከፈተ።

ብስክሌቷን አወረድን። ደስ ብሎን ሳንጨርስ የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁ። የነጋዴ ዕቃ የሞላበት መጋዘን ነው። ጓጉንቸሩን መልሰው ቆለፉና ፈለቀን የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ እንዲያወጣ አዘዙት። ሞከረ። ተከፈተ። አጠገባችን የቆመው ትኬት ቆራጭም በራሱ ቁልፍ ሞከረ። ተከፈተ። ለካ የኔ ቤት ሳይቀር የሁላችንም ጓጉንቸር ከዚያው ከአቃቂ ገበያ የተገዛ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ሁሉንም ይከፍታል።

ማንም አልሳቀም። አቶ ለማ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው በዝግታ ተናገሩ።

«ይህን ነገር ለማንም አታውሩ።»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ከፈለቀ ጋር ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። እስከ ቃሊቲ እኔ የማስበው ይህን ነው፦ ያን ሁሉ ዓመት ቤታችንን የጠበቀው ጓጉንቸር አልነበረም፤ አንዳችን የሌላውን አለመሞከራችን ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ከመሰረቅ ይከፋል።

እውነቱን ልናዘዝላችሁ። ሰፈራችን ስንደርስ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የፈለቀ በር ላይ በተንጠለጠለው ጓጉንቸር ነው። መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ ክፉ አላሰብኩም። ማየት ብቻ ነው ያየሁት። አፍሬ ዞር ስል፣ ፈለቀ አንገቱን አስግጎ የኔን በር ያያል።