የጋሼ ምሩጽ የካሪቢያን ዛጎሎች

በየሰፈሩ አንድ «አንድ አይደሉም» ባይ አይጠፋም። ከአንድ ቧንቧ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብትቀዱለት የቱ ከየት እንደመጣ ሊያስረዳችሁ ይቀመጣል። የካናዳዋ ካልጋሪ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት፤ የዓይነቱ ሁሉ አለቃ፣ ክቡር ጋሼ ምሩጽ፣ ራንድል የሚባል ሰፈሯ ውስጥ ይኖራሉ።

ይህን ከበድሉ በላይ የቀመሰው የለም። በድሉ ታክሲ ነጂ ነው፤ የሚኖረውም በጋሼ ምሩጽ ቤዝመንት፣ ከቤታቸው ምድር ቤት ተከራይቶ ነው። ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ጆንያ ሁለት ከረጢት ሽሮ አስመዝኖ ቢመጣ፣ ጋሼ ምሩጽ ከሁለቱም ጫፍ ጫፉን ቀምሰው «አንድ አይደሉም!» ይላሉ። የጎረቤት መንትዮች ክርስትና ተጠርተው ሄደው፣ «የዚህኛው ጆሮ ዝቅ ይላል፤ አንድ አይደሉም» ብለው እናትየዋን አስከፍተው ተመልሰዋል። ምን ይደረግ፣ ጂኦሎጂስት ናቸው።

ነበሩ ማለት ይሻላል። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የመሀል ከተማው ፎቅ ሁሉ ባዶውን ሲቀር የሳቸውም ኩባንያ ቢሮውን ዘጋ። ሌላው ተባራሪ ወንበርና ስክሪን ሲሸከም፣ እሳቸው ሊጣል የነበረ ካርቶን ታቅፈው መጡ። ኩባንያው ድሮ ካሪቢያን አካባቢ ሲቆፍር ያወጣቸው፣ ከእርጅና ብዛት ድንጋይ የሆኑ ስካሎፕ የሚባሉ ዛጎሎች ነበሩበት። ስካሎፕን የማያውቅ ካለ፣ ነዳጅ ማደያ ምልክት ላይ የምትታየው ማራገቢያ መሳይ ዛጎል ናት። ነዳጅ ያባረራቸው ሰውዬ ዞረው የማደያውን ምልክት ዘመዶች ማስታመም ያዙ።

ክረምቱን ሙሉ በጥርስ ብሩሽና በመርፌ ሲፈገፍጉ፣ ሸንተረር ሲቆጥሩ ከርመው፣ ማንም ያልጻፈባቸው ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች አገኘሁ አሉ። አንዷ ጎድጓዳ፣ ሌላዋ ዝርግ። ጥናቱ ከታተመላቸው፣ ቀጣሪው ሁሉ የሥራ ማመልከቻቸውን አይቶ ዝም ቢላቸውም፣ ጂኦሎጂስትነታቸው አልሞተም ማለት ነው።

ታዲያ አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው በራሱ ስም አይሰይምም፤ ነውር ነው።

«ዝርጓ በስምረት ትጠራለች» አሉት በድሉን፣ ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። «ጎድጓዳዋ በስምህ ትሁን።»

በድሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ልጅ የለውም፤ ከሞተ በኋላ ስሙን የሚጠራለት ሰው አይኖርም።

«እውነትዎን ነው ጋሼ? ለኔ?»

«አንተን ነው የምትመስለው። ክብ፣ ወፍራም፣ ጆሮዎቿ እኩል ያልሆኑ።»

ስካሎፕ ግራና ቀኝ ጆሮ የሚባል ነገር አላት። በድሉ መስታወት ፊት ቆሞ ጆሮውን በሜትር ሲለካ ሰነበተ። ቢሆንም ለተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ከመንዛት አልቦዘነም።

አንድ ቀን በድሉ ከሥራ ሲመለስ ጋሼ ምሩጽን አንዲት ድንጋይ በመዳፋቸው ይዘው ፈዘው አገኛቸው።

«በድሉ፣ አንድ ናቸው።»

በድሉ ደነገጠ። ይህ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አምቡላንስ ኮል ላድርግ?»

አሳዩት። ገና አሁን ጭቃዋ የለቀቀላት አንዲት ዛጎል፣ እንደተከደነች ቀርታለች፤ ከታች ጎድጓዳዋ፣ ከላይ ዝርጓ። ሁለት ዝርያ ናቸው ያሏቸው ለካ የአንዲት ፍጥረት ታችና ላይ ኖረዋል።

«ማን ያያል ጋሼ?» አለ በድሉ እየለመነ። «ወደ ካርቶኑ ይመልሷትና ፔፐሩን ሰብሚት ያድርጉት።»

«እኔ አይቻታለሁ» አሉ ጋሼ ምሩጽ። ቀጥለውም፣ «የቀረን አንድ ስም ነው። ቃል ገብቼልሃለሁና ያንተ ትሁን» አሉ።

በዚህ መሀል እትዬ ስምረት ለሁለተኛው ሺፍት ጫማቸውን እያሰሩ በሩ ጋ ነበሩ። ጋሼ ምሩጽ ሌይኦፍ ከሆኑ ወዲህ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። በድሉ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ዛጎሏን አየ።

«ለእትዬ ያድርጉት» አለ። «የኔ ጆሮ እንደሆነ እኩል ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

ጥናቱ በእትዬ ስምረት ስም የተሰየመችውን አንዲት ዝርያ ይዞ ታተመ። ሥራ አልመጣም፤ ጋሼ ምሩጽ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው መራመድ ጀምረዋል።

በቀደም በድሉ ነዳጅ ሲቀዳ ወልደየስ የሚባል ባልደረባው የማደያውን ምልክት እያየ ሳቀበት። «ያመለጠችህ ዛጎል ይቺው አይደለች እንዴ? ዛጎል ሁሉ ያው ነው ባክህ!»

በድሉ ደሙ ፈላ።

«አንድ አይደሉም!» ብሎ ጮኸ። «ና ወዲህ! ና፣ ሸንተረሯን ልቁጠርልህ!»

ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ቢያደርጉበትም ቆጥሮ እስኪጨርስ ንቅንቅ አላለም።