አድራሻው የማይነገር ቤት

አንባቢ ሆይ፣ ቤት ሊገዛ አስቦ ለገዛ ሚስቱ እንኳ የማይናገር ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር ስንቱን አየሁ! «ሰው ከሰማው ይበላሻል» ይላሉ።

ጎረቤቴ ደምሴ፣ ክሬንሾው ሰፈር ያለውን የኪራይ ቤቱን በጥሩ ትርፍ ሊሸጥ ሲል መከርኩት። የአሜሪካንን የታክስ ሕግ ያለ አስተማሪ ከላይብረሪ መጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝና ማን ይምከረው?

«ብሩን በእጅህ አትንካው፤ ሦስተኛ ሰው ይያዘው። በአርባ አምስት ቀን ውስጥ በምትኩ የምትገዛውን የኪራይ ቤት አድራሻ ጽፈህ ስጠው። ያን ጊዜ የትርፉን ታክስ አሁን አትከፍልም፤ ለወደፊት ይቆይልሃል።»

«ጽፌ?» አለ ደንግጦ። «አንተ ሰውዬ፣ በዓይን ልታስበላኝ ነው?»

ቤቱን ሸጠ። በአርባ አምስተኛው ቀን ወረቀቱን ለብሩ ያዥ ከመስጠቱ በፊት እንዳየው እንደ ክታብ አጣጥፎ አመጣልኝ። ገልጬ ባነበው «እግዜር የፈቀደው አንድ ቤት» ይላል።

«አድራሻው የታለ?»

«ልቤ ውስጥ!»

ብለምነው፣ ሕጉን በአንቀጽ ብጠቅስለት፣ ወይ ፍንክች! ቀኑ አለፈ፤ ታክሱን አንድም ሳንቲም ሳይቀር ከፈለ። የተረፈው ብር ደግሞ ያን የልቡን ቤት አልገዛ አለው። ደግነቱ፣ ቤቱ የት እንደነበር እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

ይህ ሁሉ ያለማንበብ ጣጣ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ቤቴን በሌላ ልለውጥ ብዬ አንድ ግሩም አፓርትመንት አይቻለሁ።

የት ነው አሉኝ? እሱን እንኳ ይተዉት።